ባለ አንድ ዓይን ጦር

ካርቶኑን ስከፍት የመጀመሪያ ቃሌ «ወይኔ ማማራቸው!» ነበር። ይህን የምናገረው ለእውነት ብዬ ነው። ቀጥሎ የተናገርኩት ግን እዚህ የሚጻፍ አይደለም።

ቀኑ እሁድ ነው፤ ካዛንቺስ ቶታል ጀርባ ባለው የጓደኛዬ የቴዎ ፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ ነን። ከፊት ያለው ክፍል ለኮፒና ለፕሪንት ነው፤ ከመጋረጃው በስተጀርባ ያለው ሰፊ ክፍል ግን የጦር ሜዳችን ነው። አንድ አሮጌ የፒንግ ፖንግ ጠረጴዛ አለ። በላዩ ላይ ከአባቴ ሱቅ ያመጣሁት አረንጓዴ የመጋረጃ ጨርቅ ተነጥፏል፤ ከሥሩ የተወሸቁት የስፖንጅ ቁርጥራጮች ኮረብታ ሆነዋል፤ በመሃል የተጋደመው ሰማያዊ ሻሽ ደግሞ ወንዝ ነው።

ጨዋታውን ለማያውቅ ሰው ባጭሩ ልናገር። ሁለት ተጫዋቾች ትንንሽ ወታደሮች በጠረጴዛው ላይ ያሰልፋሉ፤ ተራ በተራ በሜትር እየለኩ ያንቀሳቅሷቸዋል፤ ሁለቱ ጦሮች ሲገናኙ በየተራ ሁለት ሁለት ዳይስ ይወረወራል፤ ትንሽ ቁጥር የወጣለት ወታደሮቹን ከጠረጴዛው ያነሳል። ሕጉን ቴዎ ከኢንተርኔት አውርዶ አተመው፤ ግማሹን ደግሞ እንደ ፈቀደ ለወጠው። ሁለት ዓመት ሙሉ የተዋጋነው በቆርኪ ነበር። የእሱ ጦር የቢራ ቆርኪ፣ የእኔ የለስላሳ ቆርኪ፤ ለምን እንደዚያ እንደተከፋፈለ አትጠይቁኝ።

ባለፈው ዓመት ግን ቴዎ «በቃ፣ እውነተኛ ጦር ይኑረን» አለ። የመካከለኛው ዘመን ይሁን ተባለ፤ በአንድ በኩል የንጉሡ ጦር፣ በሌላ በኩል የይፋት ሱልጣን ጦር። ውጊያው እንዲህ ባለ ዓመት እንዲህ ባለ ቦታ ተደረገ የሚባል አይደለም፤ ቴዎ ራሱ የፈጠረው ነው። ማን የትኛውን ይያዝ ብሎ የጠየቀ አልነበረም። «ዙሊ ይፋትን ትይዛለች» ተባለ፤ አለቀ። ስሜ ዙለይካ ነዋ! እኔ የስልጤ ልጅ ነኝ፤ ተወልጄ ያደግሁት እዚሁ ካዛንቺስ ነው፤ ይፋትን የማውቃት ቢበዛ ወደ ደሴ ስሄድ በአውቶቡስ መስኮት ነው። ያኔም ትንሽ ተናድጄ ነበር፤ ዋጥኩት። እያደር ግን ወደድኳቸው። ያገኘሁትን ሁሉ አነበብኩ። ፈረሰኛውን የት እንደማቆም፣ ቀስተኛውን የት እንደምደብቅ ሱቅ ውስጥ መጋረጃ እየለካሁ አስብ ጀመር። እኔ የማዝዛቸው፣ የእኔ የምላቸው ሰዎች ሆኑ።

አባቴ ሐጂ ሙዘይን ይህን ነገር አንድም ቀን ወዶት አያውቅም። «ሠላሳ ዓመት የሞላት ሴት በቆርኪ ትጫወታለች» እያለ ደንበኛ ፊት ያሾፍብኛል። አዲሱ ጦር እሁድ እንደሚወጣ ስነግረው ግን ጨርቅ ማጠፉን ተወት አደረገና «የኛም ጦር አለበት እንዴ?» አለኝ። «የኛ» አለ! «አለበት፤ መጥተህ እየው» አልኩት። አሥር ሰዓት ላይ ከሶላት በኋላ እመጣለሁ አለ። አባቴ ለሠርግና ለለቅሶ ካልሆነ ሱቁን ዘግቶ የትም የማይሄድ ሰው ነው። ባማረ ፈረስ ላይ በክብር ተቀምጠው እንዲያያቸው ፈልጌ ነበር። ከዚያ ቀን ሌላ ምንም አልፈለግኩም።

ወታደሮቹን የሠራው አጽብሃ ነው። አጽብሃ መስቀል ፍላወር አካባቢ ታፔላ ይጽፋል፤ የፀጉር ቤቱም፣ የጥርስ ሐኪሙም፣ የሥጋ ቤቱም ታፔላ የእሱ እጅ ነው። አባቱ ትግራይ ውስጥ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ነበሩ፤ እሱም እጁን ያፍታታው ለእሳቸው ቀለም እየበጠበጠ ነው። ክረምቱን ሙሉ ከዘይት ጣሳ ሰውና ፈረስ ሲቆርጥ ከረመ። ወታደሮቹ ጠፍጣፋ ናቸው፤ እንደ ወረቀት ምስል ትንሽ ጣውላ ላይ ተተክለው ይቆማሉ። ተመልካች የሚቀመጥበት አግዳሚ በጠረጴዛው አንድ ጎን፣ በግድግዳው በኩል ብቻ ስለሆነ፣ የቀባቸውም በዚያው በሚታየው ጎን ብቻ ነው። ከጀርባ ሲታዩ ባዶ ቆርቆሮ ናቸው።

እንግዲህ ቴዎና አጽብሃ አጠገቤ እያሉ ካርቶኑን ከፈትኩ። አንዱን ፈረሰኛ አነሳሁ። የጥምጣሙ እጥፍ አንድ በአንድ ይቆጠራል፤ ጋሻው ላይ ያለው ነጥብ በመርፌ የተወጋ ይመስላል፤ የፈረሱ ልጓም ላይ ቀይ ጥለት አለ። ፊቱን አየሁ። ወደ ጎን ያያል፤ አንድ ዓይን። እሺ፣ ወደ ጎን የሚያይ ሰው አንድ ዓይኑ ነው የሚታየው። ሌላውን አነሳሁ፤ አንድ ዓይን። ቀስተኛውን አነሳሁ። ባንዲራ ያዡን አነሳሁ። ሱልጣኑን ራሱን አነሳሁ። ሁሉም አፍንጫቸው ሾሎ ወደ ጎን፣ ሁሉም አንድ ዓይን።

የቴዎን ካርቶን ከፈትኩ። የንጉሡም ጦር ወደ ጎን ነው የሚጋልበው፤ ፈረሱ ወደ ጎን፣ እግሩ ወደ ጎን፣ ጦሩ ወደ ጎን። ፊታቸው ግን በሙሉ ወደ ተመልካቹ ዞሯል፤ ሁለት ትልልቅ፣ ጥቁር፣ የሚያምሩ ዓይኖች። ስንቅ የጫነች በቅሎ የሚነዳው ሰውዬ እንኳ ሁለት ዓይን አለው። በቅሎ ነጂው!

ደሜ ፈላ።

«አጽብሃ» አልኩት፤ ድምፄን ለመያዝ እየታገልኩ። «የኔዎቹ ለምንድን ነው አንድ ዓይን የሆኑት?»

ቀና ብሎ አየኝ። ጥያቄው የገባው አይመስልም። «እንደዚያ ነው የሚሳለው» አለ።

«ማን ነው እንደዚያ የሚሳለው?»

«ማለቴ… ጻድቅ በሁለት ዓይን ነው፤ ኃጥእ በአንድ ዓይን። ሰይጣንም፣ ክፉ ወታደርም፣ ጠላት በቃ፣ ወደ ጎን ነው የሚደረገው። አባቴ ሲያስተምሩኝ…»

«የማን ጠላት?»

ዓይኑን ወደ ካርቶኑ መለሰ።

ክፋት ቢኖርበት ይሻለኝ ነበር። ክፉ ሰው ይሰደባል፤ በሩ ይዘጋበታል፤ ግልግል ነው። አጽብሃ ግን በረመዳን እቤታችን እየመጣ ስንቴ አፍጥሯል! ሳይጾሙ ማፍጠር የእሱ ብቻ ችሎታ ነው። እናቴ ሳምቡሳውን ከኛ በፊት ለእሱ ታቀርባለች። ይኸው ሰው ነው ክረምቱን ሙሉ ቁጭ ብሎ፣ እየዘፈነ፣ እየተጠበበ፣ የእኔን ሰዎች ከሰይጣን ጋር ያሰለፋቸው።

ቴዎ ነገሩን ለማብረድ መሃላችን ገባ። ቴዎ ጥል አይችልም፤ ጥል ሲመጣ ያስቀዋል። «ዙሊ፣ አታካብጂ በቃ። ወደ ጎን የሚያይ ሰው ሁለተኛው ዓይኑ በዚያ በኩል ነው ያለው እኮ።»

ሱልጣኑን ገለበጥኩና አፍንጫው ሥር ደቀንኩለት። ባዶ ቆርቆሮ ነው፤ የዘይት ጣሳው ጽሑፍ ግማሹ እንኳ አልለቀቀም። «የታለ?» አልኩት። «አሳየኛ! የታለ ሁለተኛው ዓይን?»

«እሺ፣ እሺ…»

«አንተስ ቀደም ብለህ አይተሃቸው አልነበር?»

«አይቻለሁ… ግን ስታይል መሰለኝ። ማለቴ፣ አምረዋል እኮ።»

«አምረዋል! ማማራቸውን መች አጣሁት!»

ቴዎ ፀጉሩን አከከና አንድ ሐሳብ መጣለት። የእሱ ሐሳብ ሁልጊዜ ሰውን ከድጡ ወደ ማጡ ነው። «በቃ፣ የኔንም አንድ ዓይን እናድርጋቸውና እኩል እንሁን። ዛሬ ሁሉንም ማድረስ አይቻልም፤ ንጉሡን ብቻ ነካ አድርገው። አጽብሃ፣ ብሩሽ ይዘሃል አይደል?» አለና ንጉሡን አንስቶ ሰጠው።

አጽብሃ ተቀበለው። ከቦርሳው ቀጭኗን ብሩሽ አወጣ፤ አንዱን ዓይን የሚሸፍንበት የፊት ቆዳ ቀለም ነካ አደረገ፤ ወደ ንጉሡ ቀኝ ዓይን አስጠጋ። ብሩሹ እዚያው ቆመ። ጠበቅነው። ጫፉ ላይ ያለው ቀለም መድረቅ ጀመረ።

«አልችልም» አለ።

«ምን ማለት ነው አልችልም?»

«ንጉሡን? አይሆንም ዙሊ። እጄ እሺ አይለኝም።»

«የኔን ሱልጣን ስታደርገው ግን እሺ አለህ።»

«እሱን… አላሰብኩትም» አለ ቀስ ብሎ።

ከሁሉ ይልቅ ያ ቃል አንጀቴን አሳረረው። ለጥምጣም እጥፍ ያሰበ ሰው፣ ለልጓም ጥለት ያሰበ ሰው፣ ለዓይናቸው አላሰበም። ማሰብ አላስፈለገውም። የእሱን ወገን መንካት ሲመጣ ግን እጁ በራሱ ቆመ።

ትቼ ልወጣ ቦርሳዬን አንስቼ ነበር። መለስ ብዬ ሳስበው ግን፣ እኔ ከወጣሁ የይፋት ጦር ሳይዋጋ ተሸነፈ ማለት ነው። ከዚያም አባቴ ይመጣል። እዚህ ድረስ ለፍቶ ቴዎን ከአንድ ጦር ጋር ሊያገኘው ነው? ቦርሳዬን ወረወርኩና አግዳሚውን ከግድግዳው ሥር ጎትቼ አወጣሁት። እየጎተትኩም ወደ በሩ በኩል አዞርኩት፤ ሁሉም ጀርባ ጀርባው በሚታይበት በኩል።

«ምን እያደረግሽ ነው?» አለ ቴዎ።

«ተመልካች በዚህ በኩል ይቀመጣል። ሁሉንም ቆርቆሮ ይያቸው!»

«ዙሊ» አለ አጽብሃ፤ ልመና በሚመስል ድምፅ። «ክረምቱን ሙሉ የሠራሁት ነው። ሰው እንዲያየው እኮ ነው።»

«እኔም ሰው እንዲያያቸው ነበር» አልኩት። አላዘንኩለትም። አሁንም ድረስ አላዘንኩለትም።

ሰዎች መምጣት ጀመሩ፤ የቴዎ ደንበኞች፣ የሰፈር ልጆች፣ ከባንክ የሚመጡ ሁለት ጓደኞቹ። አግዳሚው ላይ ተደርድረው ተቀመጡ። «ቀለም ተቀባ ያላችሁት ይኼ ነው እንዴ?» ብሎ አንዱ ጠየቀ። አጽብሃ በሩ አጠገብ ቆሞ ጥፍሩ ውስጥ የገባውን ቀለም ይፍቃል።

ጨዋታው ጀመረ። ሕጉ ቀላል ነበር፤ በመጨረሻ የወንዙን መሻገሪያ የያዘ ያሸንፋል። አስተዋይ ሰው ፈረሰኞቹን ከኮረብታው ጀርባ አቆይቶ ሌላው እስኪመጣ ይጠብቃል። ለሳምንታት ያሰብኩትም እሱን ነበር። ግን ማን አስተዋይ ሆነ! ጨዋታው ገና ሲጀምር አንዱን የፈረሰኛ ጭፍራ በቀጥታ ወደ መሻገሪያው ነዳሁት። የቴዎ ጦረኞች ተደርድረው ጠበቁኝ። ዳይሱን ወረወርኩ፤ አንድና ሁለት። እሱ ወረወረ፤ አምስትና ስድስት። አግዳሚው ላይ ያሉት ጮኹ። ጭፍራዬን በሙሉ በእጄ ለቅሜ ከጠረጴዛው አነሳሁ። የገዛ ንዴቴ ነው የገደላቸው፤ ይህ ደግሞ ሌላ ንዴት ጨመረብኝ።

በዚህ መሃል አባቴ ገባ። ነጭ ቆቡን አድርጓል፤ ኮቱንም ለብሷል። ኮት! ልጆቹ ሁሉ ብድግ ብለው «ሐጂ፣ እዚህ ይቀመጡ» ሲሉት «በእናታችሁ ቁጭ በሉ» እያለ በእጁ ከለከላቸው። ከሰው ፊት ማለፍ ነውር ነው የሚል ሰው ነው፤ ማንንም እንዳያስቸግር ብሎ ከጠረጴዛው ወዲያ ዞረና በግድግዳውና በጠረጴዛው መካከል ሄዶ ቆመ። በተቀባው በኩል።

«አባዬ፣ በዚህ በኩል ና!» አልኩት።

«ይመቸኛል ልጄ፤ ተጫወቺ።»

ምን ላድርግ? ተራው የኔ ነው፤ ሰው ሁሉ ያየኛል። ሜትሬን ዘርግቼ ቀስተኞቼን እየለካሁ በዓይኔ ጠርዝ እሱን አየዋለሁ። እጆቹን ወደ ኋላ አጣምሯል። ጎንበስ አለ። የንጉሡን ጦር ከዳር እስከ ዳር አየ። ከዚያ ቀስ እያለ ወደ እኔ ጦር መጣ፤ አንድ በአንድ፣ ልክ የጨርቅ ጥቅል እንደሚመርጥ። ፊቱ ላይ ምንም አይነበብም። በሕይወቴ እንደዚያች ሰዓት የተዋረድኩበት ጊዜ ትዝ አይለኝም። እኔ ነኝ የጠራሁት። ና የኛን ጦር እይ ያልኩት እኔ ነኝ።

ከዚያ ወዲያ ንዴቴ አልበረደም፤ ቁጭ አለ እንጂ። ቀስተኞቼን ወደ ኮረብታው መለስኩ። መሻገሪያውን ለቀቅኩለት። ቴዎ ያሸነፈ ሲመስለው ይቸኩላል፤ ይህን ሁለት ዓመት በቆርኪ ተምሬዋለሁ። ጦረኞቹን አሻገረ። የንጉሡን ዘበኞች አስከተለ። በመጨረሻ ንጉሡን ራሱን ወንዙ ላይ አመጣው። «ዙሊ፣ ዛሬስ አለቀልሽ» እያለ ይስቃል። ሳልመልስለት ከኮረብታው ጀርባ የቀሩትን ሁለት ጭፍሮች አወጣሁና ከጎን ገባሁበት። በሜትር ለካሁ፤ ደረሰ። ዳይሱን ወረወርኩ፤ ሁለቱም ስድስት። አግዳሚው ተነቃነቀ። ደግሜ ወረወርኩ፤ የንጉሡ ዘበኞች ወደቁ። ቀስተኞቼ ማፈግፈጊያውን ዘጉበት። ቴዎ መሳቁን አቆመ። ሁለት ተራ ያህል ተከላከለ፤ ከዚያ ባንዲራውን አንስቶ ሰጠኝ። መሻገሪያው የይፋት ሆነ።

ቴዎን በእንደዚህ ያለ ውጊያ አሸንፌው አላውቅም ነበር። ሌላ ቀን ቢሆን እልል እል ነበር። ያን ቀን ግን ባንዲራውን ይዤ ቆምኩ፤ ምንም ደስ አላለኝም። ቴዎ ደግሞ፣ ያ ሞኝ፣ እጁን ዘርግቶ «ይኸው አይደል! በአንድ ዓይናቸውም አሸነፉ!» ብሎ ሳቀ። የያዝኩትን ባንዲራ በጉልበቱ ላይ ልሰብርበት ምንም አልቀረኝም።

አባቴ ከዚያ በኩል እጁን ዘርግቶ ሱልጣኑን አነሳ። ፈረሱ ላይ ያረፈውን አቧራ በጣቱ ጠረገ። አየውና በሁለት እጁ ይዞ አጽብሃ ወዳለበት ሄደ። «አንተ ነህ የሠራኸው?»

«አዎ፣ ሐጂ።»

«ብዙ ደክመህበታል። እጅህ ይባረክ» አለው።

ይባረክ! «አባዬ!» ብዬ ጮኽኩ። «አላየኸውም? አንድ ዓይን እኮ ነው ያደረጋቸው! የነሱን እያቸው፣ የኛን እያቸው! በቅሎ ነጂያቸው ሁለት ዓይን አለው!»

አግዳሚው ላይ የነበሩት ነገሩ ስላልገባቸው እየተነሱ ወደ ግድግዳው በኩል ዞሩ። አዩ። አንዷ ልጅ እጇን አፏ ላይ አደረገች። አንዱ የባንክ ሠራተኛ ፎቶ ሊያነሳ ስልኩን አወጣና መልሶ ኪሱ ከተተው። አጽብሃ ወለሉን ያያል።

«አይቻለሁ» አለ አባቴ።

«እና?»

«ያለነው ሰው ቤት ነው፣ ዙለይካ።» ሱልጣኑን ጠረጴዛው ላይ በቀስታ አቆመው፤ ቴዎን አመሰገነው፤ ወጣ። ካርቶኑን እዚያው ጥዬ ተከተልኩት።

ወደ ሱቁ በእግራችን ወረድን። አዲስ የሚሠራው ሕንፃ ሥር ስንደርስ መንገዱ በአሸዋ ተዘግቶ ስለነበር አንድ በአንድ አለፍን። ከዚያ ጎን ለጎን ስንሆን መቆየት አቃተኝ። «እንዴት እጅህ ይባረክ ትለዋለህ?»

«አልደከመም?»

«አባዬ!»

«አንቺ ገና ዛሬ ስላየሽው ነው» አለ። «እኔ እዚህ ሰፈር ስገባ ጢም አላበቀልኩም። ክርስቲያን ጎረቤቶቼ ለሠርግ ሲጠሩኝ ሄጃለሁ፤ ሲሞቱ ቀብሬያለሁ። ሳሎናቸው ሥዕል አለ፤ ጥምጣም የጠመጠመው ሰውዬ ምንጊዜም ወደ ጎን ነው የሚያየው። ምነው ይኼ ሰውዬ አንገቱን ያመዋል ብዬ አንድ ቀን እየቀለድኩ ጠየቅኩ። ነገሩኝ።»

«ማን ነገረህ?»

«ጎረቤታችን የነበሩት አቶ ዘነበ። ነፍሳቸውን ይማር፤ ደግ ሰው ነበሩ።»

«ምን አልካቸው?»

«ምን እላቸዋለሁ? ሻይ እየጠጣን ነበር።»

«ዝም አልክ?»

«ጎረቤት ነው ልጄ። ነገ ትፈልጊዋለሽ፤ ነገ ይፈልግሻል። አይቶ እንዳላየ ማለፍ ነው።»

ይህን ሲል ፊቱ ላይ ምሬት እንኳ አልነበረም። ያን ያህል ዓመት ከዚያ ሥዕል ሥር ተቀምጦ ሻይ ጠጥቷል፤ ስኳሩ በቂ ነው ብሏል፤ አመስግኖ ወጥቷል። ከሰዓቱን ሙሉ በአጽብሃ ላይ የነደደው ንዴቴ ዞሮ አባቴ ላይ ወጣ። ስለ እሱ ክብር ስጮህ እሱ እጅህ ይባረክ ይላል! ትህትናውን ስወድለት ነው ያደግሁት፤ ያን ቀን ግን ጠላሁት። ሱቁ እስክንደርስ አላናገርኩትም። እሱም ሲደርስ ኮቱን አውልቆ ሰቀለና ያልታጠፈውን ጨርቅ ማጠፍ ቀጠለ።

አጽብሃ በማግሥቱ ደወለ፤ አላነሳሁም። ደጋግሞ ደወለ። ሐሙስ ጠዋት ራሱ ሱቃችን መጣ። በአንድ እጁ የሥዕል ወረቀት ይዟል፤ በሌላው ያልተቆረጠ ቆርቆሮ የሞላ ፌስታል። ሰላም አላልኩትም። እሱም ገና በሩ ላይ እንደቆመ መናገር ጀመረ።

«አዲስ ልቆርጥላቸው ነው» አለ። «ሁሉንም። ፊታቸውን ወደዚህ አዙሬ። ግን…»

«ግን ምን? እጅህ እሺ አላለህም?»

«ሞከርኩ ዙሊ። ሁለት ዓይን ስሠራ አንድ ፊት ብቻ ነው የሚመጣልኝ፤ የቅዱሳኑ ፊት። እሱንም ጥምጣም አድርጌለት አየሁት፤ ሰው አይመስልም።» ወደ አባቴ ዞረ። «ሐጂ፣ ካላስቸገርኩዎት… ትንሽ ቢቀመጡልኝ? ፊትዎን ልይ።»

አባቴ የያዘውን ጨርቅ ወደ ደረቱ አስጠጋ። «መሳሉንስ እኔ ብዙም አልወደውም» አለ። ግን ደጁ ድረስ የመጣን ሰው እንቢ ማለት አያውቅበትም። በርጩማውን ስቦ ተቀመጠ፤ ቆቡን አስተካከለ። አጽብሃ ፌስታሉን መሬት አስቀመጠና ፊት ለፊቱ ተንበረከከ።

«ወደ እኔ ይዩልኝ፣ ሐጂ።»

አባቴ ወደ በሩ አየ። አጽብሃ ጠበቀ። አባቴ የተደረደረውን መጋረጃ አየ፤ ከዚያ ጉልበቱን፤ ከዚያ መልሶ በሩን። በዚያ በኩል ጉንጩና አንድ ዓይኑ ብቻ ይታያሉ። አጽብሃ እርሳሱን አነሳና አወረደ። ደግሞ ሊጠይቀው አፈረ።

ይኼኔ ቱግ አልኩ። የያዝኩትን መቀስ ባንኮኒው ላይ ወረወርኩት። «አባዬ! ወዴት ነው የምታየው? እሱን እየው!»

«ያፍራል ልጁ» አለ አባቴ፤ ፊቱን ሳያዞር፣ በሹክሹክታ።

«ይፈር! ይፈርና ይሳል! ቀና በልና እየው!»

አባቴ ጨርቁን ጭኑ ላይ አኖረ። ከዚያ ዞረና አጽብሃን ቀጥ ብሎ አየው። እኔ ከባንኮኒው ጀርባ ሆኜ ሁለቱንም ዓይኖቹን አየኋቸው። አባቴ ሰውን እንዲህ ሲያይ አይቼው አላውቅም፤ ተቆጥቶ ነበር። አጽብሃ አንገቱን ሊደፋ ሲል አባቴ «ቀና በል፤ ሳል» አለው። አጽብሃ ቀና አለና መሳል ጀመረ።